ሁለት እናቶች የነበሩት የኦክላንድ ልጅ

ከመካከላችን በኦክላንድ ወደብ በጃክ ለንደን ስም በተሰየመው አደባባይ ያላለፈ ጥቂት ነው። ልጆቻችን መጽሐፉን በትምህርት ቤት ያነብባሉ፤ እኛ ወላጆቻቸው ግን በሐውልቱ አጠገብ ስናልፍ ሰውየው በምን ዓይነት ቤት እንዳደገ አንጠይቅም። ስለዚህ በዚህ እትም ታሪኩን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ጃክ ለንደን ጃንዋሪ 12 ቀን 1876 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ፍሎራ ዌልማን እርጉዝ ሳሉ አብሮአቸው ይኖር የነበረው ኮከብ ቈጣሪ ዊልያም ቻኒ ጽንሱን ክዶ ተለያቸው። እርሳቸውም ተስፋ ቈርጠው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞከሩ፤ ነገሩም በጋዜጣ ታትሞ ወጣ። ሕፃኑን ተቀብለው ያጠቡት ወይዘሮ ቨርጂንያ ፕሬንቲስ የተባሉ፣ በባርነት ተወልደው ነጻ የወጡ ጥቁር ሴት ናቸው። እኒህ ሴት በዚያው ሰሞን የራሳቸው ልጅ ሞቶባቸው ነበር። በአገራችን ልማድ የጡት እናቱ ሆኑ ማለት ነው፤ እርሱም እስከ ዕለተ ሞቱ እንደ እናት ቈጠራቸው።

በዚያው ዓመት ወይዘሮ ፍሎራ ጆን ለንደን የተባሉ በጦርነት ጤናቸው የተጐዳ ባል አገቡ። ስሙን ያገኘው ከእኒህ እንጀራ አባቱ ነው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የጀመሩት እርሻም ንግድም አልቀና ብሎ ቤተ ሰቡ ከቤት ወደ ቤት ሲንከራተት ኖረ። እናቱ መናፍስት በመጥራት ሥራ የተጠመዱ ስለ ነበሩ ለልጁ ፍቅር ማሳየት አልሆነላቸውም። ልጁም ፍቅር ሲርበው ወደ ጡት እናቱ ቤት ይሮጥ ነበር።

ገና በልጅነቱ ጋዜጣ ሸጠ፤ ወደ 14 ዓመት ሲጠጋ በቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ በሰዓት 10 ሳንቲም ተቀጠረ፤ ደመወዙም ለቤቱ ይውል ነበር። ከዚያ መከራ ለመውጣት ከጡት እናቱ 300 ዶላር ተበድሮ ጀልባ ገዛና በሌሊት የሰው ኦይስተር ከባሕር ይሰርቅ ጀመር። ሌብነት ነው፤ ስሙን አናሳምርለትም። በልጅነቱ የረዳው የኦክላንድ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በዚያ ባለቅኔዋ ወይዘሮ አይና ኩልብሪት መጻሕፍት እየመረጡ ይሰጡት ነበር።

በ1897 ዓ.ም. በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተምሮ በገንዘብ እጦት ተወ። በዚያ ጊዜ የልደቱን ምስጢር ደርሶበት ለቻኒ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቻኒም ሁለተኛ ካደው። በክረምቱ ወርቅ ፍለጋ ወደ ክሎንዳይክ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ታሞ፣ ወርቅም ሳይዝ ሲመለስ ያሳደጉት ጆን ለንደን ሞተው ተቀብረው ነበር። የአባቱን አፈር ሳያለብስ መቅረት ምን እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

እናቱንና የእንጀራ እኅቱን ልጅ የማሳደር ሸክም በእርሱ ላይ ወደቀ። ሌት ተቀን ጻፈ። በ1903 ዓ.ም. የወጣው ታላቅ መጽሐፉ ከሳንታ ክላራ ሸለቆ፣ ብዙዎቻችን ከምንኖርባት ከሳን ሆዜ አጠገብ፣ ተሰርቆ ወደ በረዶ አገር ስለ ተወሰደ ውሻ ይተርካል። ቤቱን በአንድ ሌሊት ያጣ ፍጥረት ታሪክ ነውና ልጆቻችን ሲያነቡት ብንሰማ መልካም ነው። መጽሐፉን በ2,000 ዶላር ሸጠው።

በዚያው ዓመት ሚስቱንና ሁለት ሕፃናት ሴቶች ልጆቹን ትቶ ወጣ። አባት ያልነበረው ሰው ልጆቹን ያለ አባት ማሳደሩ ከሁሉ ይልቅ አሳዝኖናል። በ1910 ዓ.ም. ከሁለተኛይቱ ሚስቱ የተወለደችው ጆይ ሁለት ቀን ሳትሞላ ሞተች። በ1913 ዓ.ም. ሊገባበት የተዘጋጀው ትልቁ ቤቱ ተቃጠለ። መጠጡም ሰውነቱን ጐድቶት ነበር።

ኖቬምበር 22 ቀን 1916 ዓ.ም. በ40 ዓመቱ ግሌን ኤለን በሚገኘው እርሻው ዐረፈ። በኑዛዜውም ለእናቱና ለጡት እናቱ የወር መተዳደሪያ ትቶላቸው ነበር። ሁለቱም ከልጃቸው በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ኖረው በ1922 ዓ.ም. ዐረፉ።