ከቻፕሊን ጎን የቆመችው ኤድና

ቻርሊ ቻፕሊንን የማያውቅ ማን አለ? ያቺ ትንሽ ባርኔጣው፣ ሰፊ ሱሪው፣ ከዘራውና እንደ ዳክዬ የሚረግጥበት አካሄዱ በየሀገሩ ሕፃን ሽማግሌውን ሲያስቁ ኖረዋል። ይሁንና ከ30 በላይ በሚሆኑ ፊልሞቹ ውስጥ አብራው የተጫወተችውን ሴት ስም ጥሩ ብንባል አብዛኞቻችን ዝም ማለታችን አይቀርም። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ኤድና ፐርቪያንስን ለዕጩ መምህራንና ለመምህራኖቻችን ልናስተዋውቅ ወደድን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤድና በ1895 በአሜሪካ፣ በኔቫዳ ግዛት፣ ፓራዳይዝ ቫሊ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደች። ያደገችው ደግሞ እዚያው ኔቫዳ ውስጥ በላቭሎክ ከተማ ነው። በልጅነቷ ፒያኖ መጫወት ተማረች። በ1913 ወደ ሳንፍራንሲስኮ ሄዳ የጽሕፈት ሙያ ከተማረች በኋላ በጸሐፊነት ትሠራ ጀመር። በፊልም የመሥራት ልምድ ጨርሶ አልነበራትም።

በ1915 መጀመሪያ ላይ ቻፕሊን ኤሳኔይ ለተባለው የፊልም ኩባንያ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ናይልስ በምትባል ከተማ ይሠራ ነበር። አብራው የምትጫወት ሴት ሲያፈላልግ ከኤድና ጋር አገናኙት። መልኳ ቢያምርም ዝምተኛና ቁም ነገረኛ ሆና ስላገኛት ቀልድ ይሆንላታል ብሎ አላሰበም። ሐሳቡን ያስለወጠው አንድ የግብዣ ምሽት መሆኑን ራሱ ቻፕሊን በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ አውርቷል። በዚያ ምሽት ሰውን በዓይኑ የማፍዘዝ ኃይል እንዳለው ሲፎክር ኤድና እሷን ሊያፈዛት እንደማይችል በ10 ዶላር ተወራረደችው። ሰው ሁሉ ከበባቸው። እሱም እንደ አዋቂ ዓይን ዓይኗን እያየ ተጠጋና፣ እንድታስመስል በጆሮዋ ሹክ አላት። ኤድናም እንደ ፈዘዘ ሰው ትንገዳገድ ጀመር። በእጇ የገባውን ውርርድ ለጨዋታው ስትል ለቀቀችው ማለት ነው። ቻፕሊን የሚፈልጋትን ሰው ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ እስከ 1923 ድረስ አልተለያዩም። እሱ ኩባንያ ሲለውጥ እሷም ተከተለችው። ሥራው ቀላል እንዳይመስለን። ቻፕሊን በዚያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ተጽፎ ያለቀ ድርሰት ይዞ አይነሣም ነበር። ሐሳቡን ካሜራ ፊት እየሞከረ፣ ያልጣመውን እየጣለ፣ አንዱን ትዕይንት ደጋግሞ ያነሣዋል። በ1917 የወጣውን «ስደተኛው» የተባለውን ፊልም የጀመረው ከምግብ ቤቱ ትዕይንት ነው። የመርከቡ ታሪክ በኋላ የመጣ ነው። ኤድና እንግዲህ የምትጫወተው ሰው ከየት እንደመጣች ሳይወሰን ነበር ገበታው ፊት የተቀመጠችው።

በዚሁ ፊልም ቻፕሊንና ኤድና መርከብ ላይ የተዋወቁ ስደተኞች ናቸው። ኋላ በምግብ ቤቱ ሲገናኙ ቻፕሊን ለሂሳቡ የያዛት አንዲት ሳንቲም በኪሱ ቀዳዳ ሾልካ ወድቃለች። አሳላፊው ደግሞ ሂሳብ የጎደለበትን ሰው እየደበደበ የሚያስወጣ ግዙፍ ሰው ነው። ተመልካች በሳቅ ይፈነዳል። በዚህ ሁሉ መካከል ኤድና ዳሩ ጥቁር የሆነ መሐረብ ታወጣለች። ቻፕሊን ያየዋል፤ እኛም እናያለን፤ እናቷ መሞታቸው ይገባናል። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ እሷም አታለቅስም፤ ግን ሳቁ ለአፍታ ይቆማል። ኤድና እንደ ሌሎቹ እየወደቀች እየተነሣች ሳቅ ልትሻማ ብትሞክር ኖሮ ያ አፍታ አይገኝም ነበር። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደሚባለው፣ የቻፕሊን ቀልድ ከልብ የሚገባው ከፊቱ የእውነት ሰው ስላለች ነው። በ1921 በወጣው «ሕፃኑ» በተባለው ፊልምም የመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች የእሷ ናቸው። አባት የሌለው ልጇን አቅፋ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ ሀብታም ያሳድግልኝ ብላ በሰው መኪና ውስጥ ትተወዋለች፤ ተጸጽታ ስትመለስ መኪናው ተሰርቋል። ተመልካቹ እስከ መጨረሻው የሚጨነቀው ይህን ስላየ ነው።

ታዲያ እሷስ መካከል መቆም አላማራትም? ዕድሉ በ1923 መጣ። ቻፕሊን «የፓሪስ ሴት» የተባለውን ፊልም ለእሷ ሲል አዘጋጀ። እሱ ራሱ በጥቂት ሰኮንዶች እንደ ተሸካሚ ብቅ ከማለት በስተቀር አልተጫወተበትም። የፊልም ተቺዎች አደነቁት፤ ሕዝቡ ግን ቻፕሊን የሌለበትን የቻፕሊን ፊልም ብዙም አልፈለገም። በ1924 አዲስ ዓመት ዕለት ደግሞ፣ ኤድና በእንግድነት በነበረችበት ቤት የሌላ ተዋናይት ሾፌር ባለቤቱን በሽጉጥ አቆሰለ። ተኳሿ እሷ ባትሆንም ስሟ በየጋዜጣው ተነሣ። በ1926 በጆሴፍ ፎን ስተርንበርግ አዘጋጅነት «የባሕር ሴት» የተባለ ፊልም ሠራች። ቻፕሊን ገንዘቡን ያወጣበትን ይህን ፊልም ለሕዝብ ሳያሳየው ቀረ፤ በ1933ም ከግብር ጉዳይ ጋር በተያያዘ ተቃጠለ። የደከመችበት ሥራ አመድ ሆነ።

ፈረንሳይ ሀገር በ1927 አንድ ፊልም ከሠራች በኋላ ኤድና ከሙያው ወጣች። በ1938 የአውሮፕላን አብራሪ አገባች፤ በ1945 ባሏ ሞተባት። በጥር ወር 1958 በ62 ዓመቷ በካንሰር አረፈች። ቻፕሊን እስከ ዕለተ ሞቷ ደመወዟን አላቋረጠባትም። ይህ ውለታ ማወቅ ነው፤ እናመሰግነዋለን። ግን ደመወዝ የተቃጠለ ፊልም አይመልስም። ሥራዋን የማሳየትም የማጥፋትም ሥልጣን በሌላ ሰው እጅ መሆኑ፣ ከጎን የሚቆም ሰው የሚከፍለው ከባድ ዋጋ እንደሆነ መደበቅ አይገባንም።

እኛ የመምህርነት ሙያ የመረጥን ሰዎች የኤድናን ሥራ ከሌላው ይልቅ መረዳት አለብን። ክፍል ውስጥ ገብቶ ዕውቀቱን ሲያሳይ የሚውል መምህር አለ። ተማሪው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ እንዲያበራ ዝም ብሎ ቦታ የሚለቅም አለ። የኋለኛው ስም ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ሆኖም በማስተማር ልምምድ ወቅት እንዳየነው የሚከብደው እሱ ነው። «ስደተኛው» እና «ሕፃኑ» ዛሬም ይገኛሉ። የማየት ዕድል ያጋጠማችሁ ጓደኞቻችን፣ ቻፕሊን ሲያስቃችሁ ለአፍታ ዓይናችሁን ከእሱ ላይ አንሡና ኤድና ምን እየሠራች እንደሆነ ተመልከቱ።