ከአለቆቹ የተደበቀው ወይን

ኢኮኖሚክስ ተመርቄያለሁ፤ ስለ ትዕግሥት ዋጋ ግን ከመማሪያ መጽሐፎቼ በላይ ያስተማረኝ አንድ አውስትራሊያዊ ወይን ጠማቂ ነው። ማክስ ሹበርት ይባላል (ዓመታቱ በፈረንጆች ናቸው)።

በ1915 ደቡብ አውስትራሊያ ተወለደ። በ1931 ፔንፎልድስ የተባለው ድርጅት ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ገባ፤ በ1948 ዋና ጠማቂ ሆነ። በ1950 አውሮፓ ተላከና ፈረንሳይ ቦርዶ ላይ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ገና የሚጣፍጥ ቀይ ወይን ቀመሰ። ይሄማ እኛም አገር ይሠራል ብሎ ተመለሰ። በ1951 ሺራዝ ከሚባለው የወይን ፍሬ፣ በአዲስ የኦክ በርሜል፣ የመጀመሪያውን ግሬንጅ ለሙከራ ጠመቀ።

ከዚያስ? ቀማሾቹ አጣጣሉት። ወይኑ ገና አልበሰለም ነበር። አለቆቹም ገንዘባቸው መጋዘን ውስጥ ታስሮ መቀመጡ አልዋጥላቸው አለ፤ በ1957 አቁም አሉት።

ሹበርት ግን ቢያዝ እንጀራው እንደሚሄድ እያወቀ፣ የ1957ን፣ የ1958ን እና የ1959ን ምርት በድብቅ ጠመቀ። ቀድሞ የተሠሩት ጠርሙሶች ደግሞ እየበሰሉ ነበር። እንደገና ሲቀመሱ ወሬው ተገለበጠ፤ በ1960 ፈቃዱ ተመለሰለት። የ1955ቱ ግሬንጅ በ1962 ሲድኒ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። ሹበርት በ1994 ሲያርፍ ግሬንጅ ከአውስትራሊያ ወይኖች ሁሉ ስመ ጥሩ ሆኖ ነበር።

አለቆቹ ሞኞች አልነበሩም፤ የዛሬን ብር ብቻ ቆጠሩ እንጂ። እኛም ስልካችን ላይ ኮከብ ስንሰጥ ያው ነን። አንዳንዱ ነገር ዝቅተኛ ነጥብ የሚያገኘው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ቀኑ ስላልደረሰ ነው።