ሊና ቦ ባርዲ

ሊና ቦ ባርዲ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1914 – ማርች 20 ቀን 1992) በጣልያን ተወልዳ አብዛኛውን የሥራ ዘመኗን በብራዚል ያሳለፈች አርክቴክት፣ የቤት ዕቃ ነዳፊ፣ የመጽሔት አዘጋጅና የዐውደ ርእይ አሰናጅ ነበረች። በይበልጥ የምትታወቀው በሳን ፓውሎ ከተማ በሚገኙ ሁለት ሕንፃዎች ነው፤ እነሱም የሳን ፓውሎ የጥበብ ሙዚየም እና ከአሮጌ የበርሜል ፋብሪካ የተሠራው ሴስክ ፖምፔያ የተባለው የባህል ማዕከል ናቸው። ሁለቱም የባህል ቤት በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ክፍት መሆን አለበት በሚል እምነት የተነደፉ ናቸው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

ሊና በሮም ከተማ ተወለደች፤ ሙሉ ስሟ አኪሊና ቦ ነበር። በሮም የሥነ ሕንፃ ትምህርቷን በ1939 ካጠናቀቀች በኋላ ወደ ሚላኖ ሄዳ ከታዋቂው አርክቴክት ጆ ፖንቲ ጋር ሠራች። ይሁን እንጂ ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለነበር አዲስ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው አልነበረም። ስለዚህ መተዳደሪያዋ ለመጽሔቶች መጻፍና ሥዕል መሣል ሆነ፤ ዶሙስ በተባለው የሥነ ሕንፃ መጽሔትም ምክትል አዘጋጅ እስከ መሆን ደረሰች። በ1943 ቢሮዋ በአየር ድብደባ ወደመ። ጦርነቱ ሲያበቃ የፈረሱትን የጣልያን ከተሞች ተዘዋውራ ተመለከተች። ከዚያም ከካርሎ ፓጋኒና ከብሩኖ ዜቪ ጋር ሆና ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ የሚጽፍ መጽሔት መሠረተች።

ወደ ብራዚል

በ1946 የሥነ ጥበብ ሐያሲና ነጋዴ የነበረውን ፒየትሮ ማሪያ ባርዲን አግብታ በዚያው ዓመት አብረው ወደ ብራዚል ተጓዙ። በዚያም የበርካታ ጋዜጦች ባለቤት የነበረው አሲስ ሻቶብሪያን ባሏን አዲስ የጥበብ ሙዚየም እንዲያቋቁምለት ጠየቀው። ሙዚየሙ በ1947 በሻቶብሪያን የጋዜጣ ድርጅት ሕንፃ ውስጥ ሥራ ሲጀምር የውስጥ ክፍሉን ያዘጋጀችው ሊና ነበረች።

በ1951 የብራዚል ዜግነት አገኘች። በዚያው ዓመት ለራሷና ለባሏ በሳን ፓውሎ ሞሩምቢ በተባለው ሰፈር የሠራችው ቤት ተጠናቀቀ። የፊት ክፍሉ በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ የቆመና ዙሪያውን በመስታወት የተሸፈነ በመሆኑ የመስታወት ቤት ተብሎ ይጠራል። በመካከሉ ክፍት ቦታ ተትቶ በቦታው የነበረ ዛፍ እንዲያድግበት ተደርጓል።

የሳን ፓውሎ የጥበብ ሙዚየም

ሙዚየሙ የራሱ ሕንፃ እንዲኖረው በታሰበ ጊዜ ሊና ንድፉን በ1957 ጀመረች። የተመረጠው ቦታ በፓውሊስታ ጎዳና ላይ የሚገኝ፣ ቀድሞ ሕዝብ ቆሞ የከተማውን መሐል የሚያይበት ሰገነት ነበር። ሕንፃው መሬት ላይ ቢያርፍ ይህ እይታ ይዘጋል። እሷ ግን የዐውደ ርእዩን ክፍል ከመሬት 8 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋ በግዙፍ የኮንክሪት ተሸካሚዎች ላይ አቆመችው። ተሸካሚዎቹ የሚያርፉት በሁለቱ ጫፎች ባሉ ምሰሶዎች ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ከ70 ሜትር በላይ የሚረዝም ቦታ ምንም ምሰሶ የለበትም። ከሕንፃው ሥር የቀረው ሰፊ አደባባይ ለብዙ ዓመታት የተቃውሞ ሰልፍ፣ የሙዚቃ ዝግጅትና የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲካሄድበት የኖረ ቦታ ነው።

በውስጥ ደግሞ ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ከመስቀል ይልቅ በኮንክሪት መሠረት ላይ በቆሙ የመስታወት ሰሌዳዎች ላይ አኖረቻቸው። የሠዓሊው ስምና ማብራሪያው ከኋላ ስለተጻፈ ተመልካቹ ማን እንደሣለው ከማወቁ በፊት ሥዕሉን በራሱ ዓይን እንዲያይ ይገደዳል። ሕንፃው በ1968 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ በተገኙበት ተመረቀ። ዛሬ የሚታወቅበትን ቀይ ቀለም የተቀባው ግን ከምረቃው 20 ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

በሳልቫዶር

ሊና ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በምትገኘው የሳልቫዶር ከተማ ሠርታለች። በዚያ የባህያ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምን መራች። በባሕር ዳር የነበረውን ሶላር ዶ ኡንያዎ የተባለ የቅኝ ግዛት ዘመን ግቢም አድሳ በ1963 ለሙዚየም አገልግሎት አበቃችው። በውስጡ የሠራችው የእንጨት ደረጃ ያለ ምስማር የተገጣጠመ ነው፤ አገጣጠሙንም የወሰደችው የአካባቢው ሰዎች በበሬ የሚጎተቱ ጋሪዎችን ከሚሠሩበት ዘዴ ነው።

በዚህ ወቅት በድሃ ገጠሮች እየዞረች ከቆርቆሮ የተሠሩ ኩራዞችን፣ የሸክላ ዕቃዎችን፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፉ አልባሳትን ሰበሰበች። ለእሷ እነዚህ ዕቃዎች ሰው ባለው ጥቂት ነገር ችግሩን የሚፈታበት ዕውቀት ማስረጃ ነበሩ፤ በ1963ም በሙዚየሙ ለሕዝብ አሳየቻቸው። ነገር ግን በ1964 ወታደሮች በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። ሊናም የሳልቫዶር ሥራዋን ትታ ወደ ሳን ፓውሎ ተመለሰች። ያው ዐውደ ርእይ በ1965 በሮም ሊታይ ተዘጋጅቶ ሳለ በብራዚል መንግሥት ተሰረዘ።

ሴስክ ፖምፔያ

ሴስክ በ1946 የተቋቋመ፣ ለንግድ ዘርፍ ሠራተኞች የመዝናኛ፣ የስፖርትና የባህል አገልግሎት የሚሰጥ የብራዚል ድርጅት ነው። ድርጅቱ በሳን ፓውሎ ፖምፔያ ሰፈር ያለውን አሮጌ ፋብሪካ አፍርሶ አዲስ ማዕከል ለመሥራት አስቦ ነበር። ፋብሪካው በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን በመጀመሪያ በርሜል፣ በኋላ ደግሞ ማቀዝቀዣ ይመረትበት ነበር።

ሊና ሥራው ተሰጥቷት ቦታውን ስትጎበኝ ሁለት ነገሮችን አስተዋለች። አንደኛ፣ የፋብሪካው ቀጫጭን የኮንክሪት አምዶች ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ኤነቢክ ባስፋፋው ቀደምት የአርማታ አሠራር የተገነቡ መሆናቸውን ለየች። ሁለተኛ፣ በእረፍት ቀን ተመልሳ ስትመጣ ሕፃናት ኳስ ሲጫወቱ፣ እናቶች ምግብ ሲያዘጋጁ፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች አብረው ሲያሳልፉ አገኘች። ቦታው በሰዎቹ እጅ አስቀድሞ የባህል ማዕከል ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው እንዳይፈርስና ያ ኑሮ እንዲቀጥል ወሰነች።

ሥራው በ1977 ተጀመረ። ከወጣት አርክቴክቶቹ ከማርሴሎ ፌራዝና ከአንድሬ ቫይነር ጋር ቢሮዋን እዚያው ግንባታው ቦታ አድርጋ ንድፉን ከሠራተኞቹ ጋር እየተነጋገረች ታሻሽል ነበር። የጡብ ግድግዳዎቹ ልስናቸው ተነሥቶ እንዲታዩ ተደረገ። በመጋዘኖቹ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት፣ ምግብ ቤት፣ የእጅ ሥራ መማሪያዎችና ቴአትር ቤት ገቡ። በትልቁ አዳራሽ ወለል ላይ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ ውኃና የእሳት መሞቂያ አለ። ቴአትር ቤቱ በመድረኩ በሁለት ወገን ተመልካች የሚያስቀምጥ ሲሆን መቀመጫዎቹ ትራስ የሌላቸው እንጨቶች ናቸው። ይህ ምርጫ ለምቾት አይስማማም ተብሎ ቢነቀፍም እሷ ተመልካቹ ንቁ ሆኖ እንዲቀመጥ ፈልጋ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ክፍል በ1982 ተከፈተ።

ለስፖርት የቀረው ቦታ ጠባብ ነበር፤ በመሐሉም ከሥሩ ጅረት ስለሚያልፍ መገንባት አይፈቀድበትም። ሊና መፍትሔውን ወደ ላይ ፈለገች። በጅረቱ ግራና ቀኝ ሁለት የኮንክሪት ሕንፃዎችን አቁማ በአንዱ የዋና ገንዳና እርስ በርስ የተነባበሩ የኳስ ሜዳዎችን፣ በሌላው ደረጃዎችንና የልብስ መቀየሪያ ክፍሎችን አደረገች። ሁለቱን በአየር ላይ በተዘረጉ ድልድዮች አገናኘቻቸው። የሜዳዎቹ መስኮቶች መስታወት የሌላቸው፣ እንደ ዋሻ አፍ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ቀዳዳዎች ስለሆኑ ነፋስ እንደ ልብ ይገባል። በአጠገባቸው 70 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ ቆሟል። ጅረቱ ላይ የተነጠፈው የእንጨት ወለል ደግሞ ባሕር ለሌላት ከተማ እንደ ባሕር ዳር ሆኖ ሰዎች ፀሐይ ይሞቁበታል። የስፖርቱ ክፍል በ1986 ተጠናቀቀ።

የመጨረሻ ዓመታት

ወታደራዊው አገዛዝ በ1985 ካበቃ በኋላ ሊና ወደ ሳልቫዶር ተጠርታ በአሮጌው ከተማ እድሳት ተሳተፈች። ከሥራዎቿ አንዱ የቤኒን ቤት ሲሆን የባህያ ሕዝብ በባሪያ ንግድ ምክንያት ከምዕራብ አፍሪካ ጋር ያለውን የዘርና የባህል ትስስር የሚያሳይ ማዕከል ነው። በሳን ፓውሎ ደግሞ ከኤድሰን ኤሊቶ ጋር ቴአትሮ ኦፊሲናን ነደፈች። ቴአትር ቤቱ እንደ ጠባብ መንገድ የረዘመ ሲሆን ተመልካቾች በሁለቱ ጎኖች በብረት መወጣጫዎች ላይ ይቀመጣሉ። ሊና በመስታወት ቤቷ ውስጥ በ77 ዓመቷ አረፈች።

ትሩፋት

ሊና ቦ ባርዲ ያሠራቻቸው ሕንፃዎች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ በሕይወቷም ከብራዚል ውጭ የሚያውቃት ብዙ ሰው አልነበረም። በሳን ፓውሎ ሙዚየም የነበሩት የመስታወት ሰሌዳዎችም በ1996 ተነሥተው ሥዕሎቹ ወደ ግድግዳ ተመልሰው ነበር። ሆኖም በ2015 እንደገና በቦታቸው ቆሙ፤ በ2021 ደግሞ የቬኒስ የሥነ ሕንፃ ቢየናሌ ለሕይወት ዘመን ሥራዋ ወርቃማ አንበሳ የተባለውን ሽልማት ከሞተች በኋላ ሰጣት። ሴስክ ፖምፔያ ዛሬም ያለ መግቢያ ክፍያ በሩ ክፍት ነው፤ አረጋውያን ቼዝ ይጫወቱበታል፣ ተማሪዎች ያነቡበታል፣ ሕፃናትም በውኃው ዙሪያ ይሮጡበታል።