ጆኒ ዩናይታስ፦ ከተሰናባችነት ወደ ታላቅነት መለኪያነት

በአሜሪካ ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ታሪክ ከሁሉ የላቀው ኳርተርባክ ማን ነው የሚለው ጥያቄ የስፖርቱን ወዳጆች ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። አንዳንዶች ሰባት የሱፐር ቦውል ድሎችን ያስመዘገበውን ቶም ብሬዲን ያስቀድማሉ። ሌሎች በአራት የሱፐር ቦውል ፍልሚያዎች ተሰልፎ አራቱንም ያሸነፈውን ጆ ሞንታናን ይመርጣሉ። የቀደመውን ዘመን የሚያስታውሱት ደግሞ በአሥር የውድድር ዓመታት ቡድኑን አሥር ጊዜ ለፍጻሜ አድርሶ ሰባቱን በድል ያጠናቀቀውን ኦቶ ግራሃምን ያነሳሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ ማንም ሳይጠቅሰው የማያልፈው ሌላው ስም የባልቲሞር ኮልትሱ ጆኒ ዩናይታስ ነው።

ይህ ስፖርት በሌላው ዓለም ከሚታወቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። በሜዳ ላይ 11፣ 11 ተጫዋቾችን የሚያሰልፉ ሁለት ቡድኖች ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው በመሮጥ ወይም በመወርወር 100 ያርድ ርዝመት ባለው ሜዳ ላይ የተጋጣሚያቸውን የመጨረሻ መስመር ለማለፍ ይፋለማሉ። አጥቂው ቡድን ኳሷን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት የሚሰጠው አራት ሙከራ ብቻ ነው። በእነዚህ ሙከራዎች ኳሷን ተቀብሎ ለማን መስጠት ወይም መወርወር እንዳለበት በሰከንዶች ውስጥ የሚወስነው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል። በአሁኑ ወቅት አሰልጣኞች የጨዋታውን ስልት በራዲዮ አማካይነት እስከ ራስ ቁሩ ድረስ ያደርሱለታል። በዩናይታስ ዘመን ግን ስልቱን በአብዛኛው የሚመርጠው ኳርተርባኩ ራሱ ስለነበር ኃላፊነቱ በእሱ ጫንቃ ላይ ያርፍ ነበር።

ጆን ኮንስታንቲን ዩናይታስ የሊቱዌኒያ የዘር ሐረግ ካለው ቤተሰብ እ.ኤ.አ ሜይ 7 ቀን 1933 በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ፒትስበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱን በሞት ያጣው ገና የአምስት ዓመት ሕጻን ሳለ ነበር። እናቱ ሁለት ሥራ በመሥራት ልጆቻቸውን ያለ አባት አሳደጉ። ዩናይታስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በሚከታተልበት ወቅት የኳርተርባክነት ችሎታው ቢታይም፣ ሊገባበት የተመኘው የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሰውነቱ ለስፖርቱ እጅግ ቀጭን ነው በማለት ሳይቀበለው ቀረ። በመሆኑም ወደ ሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ አቅንቶ እስከ 1954 የውድድር ዓመት ድረስ በዚያ ተጫወተ።

እ.ኤ.አ በ1955 የትውልድ ከተማው ቡድን የሆነው ፒትስበርግ ስቲለርስ በዘጠነኛው ዙር፣ በ102ኛ ተራ መረጠው። ይሁንና ቡድኑ አራት ኳርተርባኮች ስለነበሩት አንዱ መቀነስ ነበረበት። ዩናይታስ በቅድመ ውድድር ግጥሚያዎች የመሰለፍ ዕድል እንኳ ሳያገኝ ተሰናበተ። በወቅቱ ትዳር መሥርቶ ስለነበር ቤተሰቡን ለማስተዳደር በግንባታ ሥራ ላይ ተሰማራ። ከስፖርቱ ላለመራቅም ብሉምፊልድ ራምስ በተባለ የሠፈር ቡድን ውስጥ ለአንድ ግጥሚያ ስድስት ዶላር እየተከፈለው መጫወቱን ቀጠለ።

በቀጣዩ ዓመት በአሰልጣኝ ዊብ ዩባንክ የሚመራው ባልቲሞር ኮልትስ ለሙከራ ጠራውና በተጠባባቂነት ቀጠረው። የቡድኑ ቀዳሚ ኳርተርባክ ጆርጅ ሾው ከቺካጎ ቤርስ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ከባድ የእግር ጉዳት ሲደርስበት ዩናይታስ ተተክቶ ገባ። ጅማሬው ግን የሚያኮራ አልነበረም። የመጀመሪያውን ውርወራውን የተጋጣሚ ቡድን ተጫዋች ነጥቆ ነጥብ ያስቆጠረበት ሲሆን፣ ኮልትስም 58 ለ 27 ተሸነፈ። አሰልጣኙ በዚያ ውጤት ተስፋ ሳይቆርጡ በቀጣዮቹ ሳምንታትም አሰለፉት። የቀዳሚነቱን ቦታም ከዚያ በኋላ አላስነጠቀም።

ዩናይታስ ለስኬት የበቃው በተፈጥሮ ችሎታው ብቻ አልነበረም። ዋነኛ ተቀባዩ ከነበረው ከሬይመንድ ቤሪ ጋር መደበኛው ልምምድ ካበቃ በኋላ ሜዳ ላይ እየቀሩ፣ ተቀባዩ በየትኛው እርምጃ ላይ እንደሚታጠፍና ኳሷ በየትኛው ቅጽበት መድረስ እንዳለባት ደጋግመው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ በ1958 የውድድር ዓመት አጋማሽ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ሳንባው ቢጎዳም፣ ሁለት ግጥሚያዎች ብቻ አምልጠውት ወደ ሜዳ ተመልሷል።

የዚያ ዓመት የዋንጫ ፍልሚያ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 28 ቀን 1958 በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ተካሄደ። መደበኛው ሰዓት ሊጠናቀቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ኮልትስ በኒው ዮርክ ጃያንትስ 17 ለ 14 እየተመራ ከራሱ መስመር 14 ያርድ ርቀት ላይ ይገኝ ነበር። ዩናይታስ በተከታታይ ሦስት ውርወራዎች ለቤሪ አቀብሎ ቡድኑን 62 ያርድ ወደፊት አራመደው። ሰባት ሰከንዶች ሲቀሩም ስቲቭ ማይራ ኳሷን በእግሩ መትቶ ሦስት ነጥብ በማስገኘቱ ሁለቱ ቡድኖች አቻ ሆኑ።

በሊጉ ታሪክ የዋንጫ ፍልሚያ በተጨማሪ ሰዓት ሲወሰን ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀድሞ ነጥብ ያስቆጠረ በሚያሸንፍበት በዚያ ሰዓት ዩናይታስ ቡድኑን ከራሱ ሜዳ አንስቶ 80 ያርድ መራ። ከግቡ አጠገብ ሲደርስም አጭር የእግር ምት ለድል በቂ ሆና ሳለ፣ ተከላካዮቹ ያልጠበቁትን ውርወራ መረጠ። ውርወራው ቢነጠቅ ተወቃሹ እሱ ነበር፤ ኳሷ ግን በሰላም ደረሰች። ቀጥሎም አለን አሚቺ የቀረችውን አንድ ያርድ ሮጦ በመግባት ቡድኑን 23 ለ 17 ለድል አበቃ። ፍልሚያውን 45 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በቴሌቪዥን እንደተከታተለው የሚገመት ሲሆን፣ ስፖርቱ በአሜሪካ ለደረሰበት ተወዳጅነት እንደ መነሻ ይታያል።

በተከታዩ ዓመት ኮልትስ ያንኑ ተጋጣሚ 31 ለ 16 በማሸነፍ ዋንጫውን ደገመው። ዩናይታስ ከ1956 እስከ 1960 በተከታታይ 47 ግጥሚያዎች ቢያንስ አንድ የተችዳውን፣ ማለትም የስድስት ነጥብ ውርወራ አስመዝግቧል። ይህን ክብረ ወሰን ድሩ ብሪስ ያሻሻለው ከ52 ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ በ2012 ነው። በ1959፣ በ1964 እና በ1967 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎም ተመርጧል።

ጉዞው ሁሉ ግን በድል የታጀበ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1968 ቀኝ ክንዱ ክፉኛ ተጎድቶ ቦታውን ኧርል ሞራል ያዘ። ቡድኑ በ1969 መጀመሪያ በሦስተኛው ሱፐር ቦውል በኒው ዮርክ ጄትስ 16 ለ 7 ሲሸነፍ፣ ዘግይቶ የገባው ዩናይታስ የቡድኑን ብቸኛ ነጥቦች ያስገኘውን ጥቃት መርቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ በአምስተኛው ሱፐር ቦውል ለጆን ማኪ 75 ያርድ የተጓዘ የተችዳውን ኳስ ቢያቀብልም ቆስሎ ወጣ፤ ኮልትስ ግን ዳላስን 16 ለ 13 አሸነፈ። እ.ኤ.አ በ1973 ወደ ሳንዲያጎ ቻርጀርስ ተዛውሮ አንድ የውድድር ዓመት ከተጫወተ በኋላ ስፖርቱን ተሰናበተ። በ1979 ስሙ በዝነኞች መዘክር ሰፈረ።

ስፖርቱ ያስከፈለው ዋጋ ጡረታ ከወጣ በኋላ ታየ። ጉልበቶቹ በቀዶ ሕክምና የተተኩ ሲሆን፣ ያ ኳስ ወርዋሪ ቀኝ እጁም ዕቃ አጥብቆ መያዝ ተሳነው። ለአካል ጉዳት ክፍያ ያቀረበው ጥያቄም ተቀባይነት አላገኘም። እ.ኤ.አ በ1984 ኮልትስ ባልቲሞርን ለቆ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሲዛወር፣ የባልቲሞር እንጂ የኢንዲያናፖሊስ ተጫዋች እንዳልነበረ በይፋ አስታውቆ ከቡድኑ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ።

ዩናይታስ እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2002 በሜሪላንድ ግዛት የሰውነት እንቅስቃሴ በማድረግ ላይ ሳለ በልብ ሕመም በ69 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ሰሞን ወጣቱ ኳርተርባክ ክሪስ ሬድማን የዩናይታስ መለያ የነበረውን ጥቁር ቁርጭምጭሚት ሸፋኝ ጫማ ለመታሰቢያነት ተጫምቶ በመሰለፉ፣ ሊጉ የአለባበስ ደንብ ጥሷል በሚል 5 ሺህ ዶላር ቀጥቶታል።

ወደ ክርክሩ ስንመለስ፣ ዩናይታስ 40 ሺህ 239 ያርድ እና 290 የተችዳውን ውርወራዎችን አስመዝግቦ ሲሰናበት ሁለቱም የሊጉ ክብረ ወሰኖች ነበሩ። ብሬዲ በመደበኛ ግጥሚያዎች 89 ሺህ 214 ያርድ እና 649 የተችዳውን ውርወራዎች ላይ ደርሷል። ቁጥሩ ብቻ ቢታይ ክርክሩ ያበቃ ነበር። ነገር ግን ዩናይታስ ሲጀምር በዓመት 12፣ ኋላም 14 ግጥሚያ ይደረግ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1978 ወደ 16፣ በ2021 ደግሞ ወደ 17 አድጓል። በ1978 የወጣው ደንብም ተከላካዮች ተቀባዮችን ከአምስት ያርድ ባሻገር እንዳይገፉ በመከልከሉ ውርወራ ቀለለ። በአንጻሩ 253 ውርወራዎቹ በተጋጣሚ መነጠቃቸው የድፍረቱን ዋጋ ያሳያል፤ ለግራሃም የሚከራከሩትም የዋንጫ ብልጫውን ቢጠቅሱ እውነት አላቸው። ሁሉንም በየዘመኑ ቁና መስፈር እንጂ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሐዊ አይሆንም።

ሊጉ 100ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ በ2019 ይፋ ባደረገው የምንጊዜም ምርጥ ቡድን ውስጥ ከተካተቱት አሥር ኳርተርባኮች አንዱ ዩናይታስ ነው። በ1955 ለመሰናበት የበቃው ችሎታው ሜዳ ላይ ተፈትኖ ሳይሆን ሳይፈተን ነበር። በባልቲሞር ስታዲየም ደጃፍ የቆመው ሐውልቱ የድሉ መታሰቢያ የመሆኑን ያህል፣ ሰውን ሥራው ሳይታይ መመዘን ምን ያህል እንደሚያሳስትም ያስታውሳል።