ቤቱን በዓለት ላይ የሠራው ሉዊስ ባራጋን

በሜክሲኮ ከተማ በስተደቡብ ፔድሬጋል የሚባል ሰፊ ምድር አለ፤ ትርጓሜውም ድንጋያማ ስፍራ ማለት ነው። የዛሬ 1700 ዓመት ገደማ ሺትሌ የተባለው ተራራ እሳት ተፍቶ የቀለጠ ድንጋይ አፈሰሰበት፤ ኩዊኩዊልኮ የተባለውንም የጥንት ከተማ አለበሰው። ድንጋዩ ሲበርድ ጥቁርና ስንጥቅጥቁ የበዛ መሬት ሆነ። ለእርሻ አይሆንም፤ ከብት አይሰማራበትም፤ እባብ ስለሚበዛበትም ሰው ይሸሸው ነበር። በዚህ በተናቀ መሬት ላይ በ1945 ገንዘቡንም ስሙንም የጣለ አንድ መሐንዲስ ተነሣ። እሱም ሉዊስ ባራጋን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ባራጋን በመጋቢት ወር 1902 ጓዳላኻራ በተባለችው ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ቤተ ሰቡ በማሳሚትላ አቅራቢያ በተራራማ አገር ርስት ስለ ነበረው ልጅነቱን ከፊሉን ያሳለፈው በዚያ ነው። ፈረስ መጋለብን ከዚያው ተማረ፤ እስከ ሽምግልናውም ፈረስ ይወድ ነበር። የመንደሩ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ክዳናቸው ቀይ ሸክላ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን ልቡን የማረከው የውሃው አመጣጥ ነው። ትልልቅ ግንዶች እንደ አሸንዳ ተቦርቡረው፣ በባላ እንጨት ተደግፈው፣ ከጣራው በላይ በመንደሩ ላይ ያልፋሉ፤ ውሃውም በየግቢው ወዳለው የድንጋይ ገንዳ ይወርዳል። ይህን የውሃ ድምፅ ባራጋን ካደገ በኋላም አልረሳውም። በ1960ዎቹ ዓመቶች መጨረሻ ሳን ክሪስቶባል የተባለውን የፈረሶች ጋጥ በሠራ ጊዜ፣ ከቀይ ግድግዳ አናት ውሃ ወደ ፈረሶቹ ኩሬ እንዲወርድ አድርጎታል።

በትምህርት ቤት የተማረው የምህንድስናን ሙያ ነው። የሕንፃን ጥበብ ግን ያስተማረው ሰው የለም፤ በንባብና በጉዞ ራሱን አስተማረ። በ1924 ወደ አውሮፓ ሄዶ በእስፓኝ አገር በግራናዳ ያለውን የአልሃምብራን ቤተ መንግሥት አየ። ጠባብና ጨለም ያለ መተላለፊያ አልፎ በድንገት ብርሃንና ውሃ ወደ ሞላበት ግቢ ሲወጣ እጅግ ተደነቀ። ፈርዲናን ባክ የተባለው ፈረንሳዊ ስለ አትክልት ስፍራ የጻፋቸውንም መጻሕፍት ገዝቶ ተመለሰ።

ከሁለተኛው የአውሮፓ ጉዞው በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በዚያን ዘመን ለ ኮርቡዚዬና ጓደኞቹ የጀመሩት አዲስ የሕንፃ ሥራ በዓለም ሁሉ ይወራ ነበር። ባራጋንም በ1930ዎቹ ዓመቶች አጋማሽ ወደ ሜክሲኮ ከተማ ተዛውሮ፣ ነጭ፣ እንደ ሣጥን ያለ፣ መስኮቱ የሰፋ የኪራይ ቤት በብዛት ሠራ። ቤቶቹ ደኅና ቤቶች ናቸው፤ ገንዘብም አገኘባቸው። ነገር ግን ወደ ፓሪስ ቢወሰዱ የፓሪስ ናቸው ይባል ነበር። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ይበርዳል። ለፓሪስ ጭጋግ የታሰበው ሰፊ መስታወት በዚያ አገር ዓይን ያጭበረብራል። ባራጋን በ1940 ለሰው ቤት መሥራቱን አቆመ። ገቢው ሳይቋረጥና ስሙ ሳይደበዝዝ ሥራውን የተወ ሰው ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ከሕይወቱ ሁሉ ደፋሩ ሥራ ይህ ነው።

ፔድሬጋልን የገዛው ከዚህ በኋላ ነው። ከሥዕል ሠሪዎችና አርማንዶ ሳላስ ፖርቱጋል ከተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ጋር እየሆነ በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ይመላለስ ነበር። ቦታውን ለመኖሪያ ከፋፍሎ ሲሸጥ ሕግ አወጣ፤ ቤቱ ከቦታው 10 በመቶ ብቻ ይይዛል፤ የቀረው አትክልት ይሆናል፤ ዓለቱ አይፈነቀልም፤ አጥሩም ከዚያው ከጥቁሩ ድንጋይ ይካባል። ደረጃው በዓለቱ ላይ ተጠረበ፤ በስንጥቁ ውስጥ ኩሬ ተበጀ፤ ቁልቋሉና ዛፉም በበቀሉበት ቀሩ። ከዛፎቹ አንዱ እኛ ቁንዶ በርበሬ የምንለው ነው፤ ትውልዱ ከፔሩ አገር ሲሆን፣ በእኛም አገር በየትምህርት ቤቱ ግቢ ይገኛል፤ ነገር ግን ከሥሩ ከመቀመጥ በቀር ልብ ብሎ የሚያየው የለም። ከጀርመን አገር የመጣው ማክስ ቼቶ አብሮት ሠራ። ጥቂት ቆይቶም የአገሩ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ዓለት ላይ ተሠራ፤ በዚያ ሁዋን ኦጎርማን የቤተ መጻሕፍቱን ግድግዳ ከልዩ ልዩ የሜክሲኮ አውራጃ ባሰባሰበው ባለቀለም ድንጋይ ሸፈነው።

የሚያሳዝነው ግን ሕጉ አለመጽናቱ ነው። ባራጋን መሬቱን የገዛው ለንግድም ጭምር ነበረ፤ መሬት የሸጠ ሰው ደግሞ በመሬቱ ላይ ያለውን ሥልጣንም አብሮ ይሸጣል። ዋጋው በወጣ ቁጥር ባለቤቶቹ ቦታውን ከፋፈሉት፤ ዓለቱን እየፈነቀሉ ሣር ተከሉ። ዛሬ እሱ ካሰበው የቀረው ጥቂት ነው። ደግሞም ያ ሁሉ አትክልት ለባለጸጎች የታሰበ እንጂ ለድሃ ያልነበረ መሆኑ አይካድም።

ለራሱ የሠራው ቤት ግን ቆሟል። በ1948 ተራ ሰዎች በሚኖሩበት በታኩባያ ሰፈር የተሠራ ነው፤ ከመንገድ ሲታይ ከጎረቤቶቹ ቤት አይለይም፤ ግራጫ ልስን፣ ጥቂት መስኮት ብቻ። ወደ ውስጥ ሲገባ ወለሉ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከመጻሕፍቱ ክፍል የሚያስወጣው ደረጃ ከግድግዳ የወጣ የጥድ ጣውላ ሲሆን መደገፊያ የለውም። ሮዝና ቢጫውን ቀለም የመረጠው ቹቾ ሬዬስ ከተባለው ሠዓሊ ጋር እየተማከረ ነው፤ ቀለሙም ከአገሩ ገበያና ከበዓል ልብስ የተወሰደ ይመስላል። ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ሰው ስለ ነበረ፣ በትላልፓን ለሚገኙ መነኮሳዪያት የጸሎት ቤት በራሱ ወጪ ሠርቶ በ1960 ፈጸመላቸው። በዚያ ብርሃኑ በተሰወረ ቢጫ መስታወት በጎን ገብቶ በመስቀሉ ላይ ያርፋል።

አትክልት የሚወድ ሰው ሁሉን ቦታ በዛፍ ይሸፍናል ብሎ የሚያስብ ቢኖር የሚከተለውን ይስማ። በ1966 ሉዊስ ካን የተባለው የአሜሪካ መሐንዲስ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ የሳልክን የምርምር ተቋም ሲሠራ፣ በመካከሉ ባለው ግቢ ዛፍ ሊተክል አስቦ ባራጋንን ጠርቶ አማከረው። ባራጋን ግቢውን አይቶ አንዲት ቅጠል እንኳ እንዳይገባበት መከረ፤ ባዶ የድንጋይ አደባባይ ቢሆን ሰማዩና ባሕሩ ይታያል ሲል አስረዳው። ካንም እሺ አለ፤ ቦታው እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው።

በ1980 የፕሪትዝከርን ሽልማት ተቀበለ፤ ከእሱ በፊት የተሸለመው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ የጂላርዲን ቤት በአንድ ትልቅ የጃካራንዳ ዛፍ ዙሪያ ሠርቶ ነበር። ዛፉ አልተቈረጠም፤ ግቢው ለዛፉ ተብሎ ተከፈተ።

በኅዳር ወር 1988 በሜክሲኮ ከተማ ዐረፈ፤ አመዱም በትውልድ ከተማው በጓዳላኻራ ተቀበረ። የታኩባያው ቤት በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በሳሎኑ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ አንድ መስኮት አለ፤ በመካከሉ መስቀል የመሰለ ጠባብ ፍሬም ብቻ ይታያል። ባለቤቱ አትክልቱ እንደ ልቡ እንዲያድግ ስለ ተወው፣ ቅጠሉ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ወደ ክፍሉ የሚገባውን የከሰዓት ብርሃን አረንጓዴ ያደርገዋል።