ዝሆኔን ከእርግማን ያላቀቁት ሐኪም

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት አጋሮና ሊሙ ገነት የቡና አገር ናቸው። ቡና የሚወደው ከፍታ፣ ዝናብና ቀይ አፈር ግን ባዶ እግሩን ለሚውል ገበሬ ሌላ መዘዝም ሊያመጣ ይችላል፤ ዝሆኔን። እግሩ ያበጠ ሰው ሲታይ አንዱ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው መተት ነው ይላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዘራቸው አለ ተብሎ የታማሚውን ልጅ የሚያገባ መጥፋቱ ነው። ክሱም ፍርዱም ነበር፤ ማስረጃ ግን አልነበረም።

ማስረጃውን ፍለጋ የተነሡት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። እኚህ ሰው ቀደም ሲል በአፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የእግር ቁስል ሲያጠኑ የኖሩ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ትኩረታቸውን ወደ ዝሆኔ አዞሩ።

ሐኪሞች በሞቃት አገር ያበጠ እግር ሲያዩ በቅድሚያ የሚጠረጥሩት በትንኝ የሚተላለፈውን ክር መሰል ትል ነበር። ትሉ እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ስፍራዎች ይገኛል፤ በደጋውና በወይና ደጋው ሕሙማን ደም ውስጥ ግን አልተገኘም። ታዲያ እግሩን የሚያሳብጠው ምንድን ነው?

ፕራይስ መልሱን የፈለጉት በብሽሽት ንፍፊት ውስጥ ነው። ከእግር የሚመጣው ፈሳሽ የሚጣራው እዚያ በመሆኑ፣ በእግር ቆዳ የገባ ባዕድ ነገርም እዚያው ይቀራል። የንፍፊቱ ናሙና በሰም ተይዞ፣ እጅግ ስስ ሆኖ ተቆርጦ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከሄንደርሰን ጋር ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው ቅንጣቶቹ ሲሊከን፣ አሉሚኒየምና ብረት ነበሩባቸው። በአጭሩ፣ አፈር ናቸው። ፕራይስ በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አሉት፤ እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት የተገኘ ስም ነው። የዕድሜ ልክ ልፋታቸውን ያጠቃለለው መጽሐፋቸው በ1990 ታተመ።

ባዶ እግሩን የሚሄድ ሁሉ ግን ለምን አይታመምም? ፕራይስ ራሳቸው የዘር ተጋላጭነት ሊኖር እንደሚችል ጠርጥረው ነበር። በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በዘረመል ጥናት አረጋገጡ። ነገር ግን ዘር ያጋልጣል እንጂ ያለ አፈር ብቻውን አያሳምምም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የሚታጠብ የታማሚ ልጅ ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። ስለዚህ ትዳር የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ፖዶኮኒዮሲስን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2011 ነው። በ2013 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ659 ወረዳዎች በ345ቱ ተገኝቷል፤ ሕሙማኑም 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ተገምቷል።

ዛሬ ዝሆኔን ለመለየት ንፍፊት መቁረጥ አያስፈልግም፤ ያ መንገድ የተጠረገው በፕራይስ ዘመን ነው። ካንሰርን ከንፍፊት ሳንባ ነቀርሳ ለመለየት ግን ዛሬም የናሙና ምርመራ ወሳኝ ነው። እብጠት በዓይን ተመዝኖ በግምት የሚፈረድበት ሕመምተኛ፣ ሳይደመጥ እንደተፈረደበት ተከሳሽ ነው። ፕራይስ ካረፉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ለቡና አገሩ ገበሬ ያቆሙለት ምስክር ግን ዛሬም ይናገራል። የጎደለው የእኛ መስማትና አንድ ጥንድ ጫማ ነው።