ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ

ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ (ጃንዋሪ 28 ቀን 1608 – ዲሴምበር 31 ቀን 1679 እ.ኤ.አ.) ጣሊያናዊ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበር። የሰውንና የእንስሳትን እንቅስቃሴ በመካኒክስ ሕግ ስለመረመረ የባዮሜካኒክስ አባት ይባላል። የሰውነት ክብደትና ዕድሜ በጉልበት ላይ የሚያሳድሩትን ጫና የሚያጠኑ የዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትን የስሌት መንገድ የጀመረው እሱ ነው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ቦሬሊ በናፖሊ ከስፔናዊ ወታደርና ከጣሊያናዊት እናት ተወለደ፤ የሚታወቀውም በእናቱ የቤተሰብ ስም ነው። በሮማ ከጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር ከቤኔዴቶ ካስቴሊ ሒሳብ ተማረ። ከዚያም በሲሲሊ ደሴት በምትገኘው በመሲና ሒሳብ አስተማረ። በ1656 ወደ ፒሳ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እዚያ ከሐኪሙ ማርቼሎ ማልፒጊ ጋር ተወዳጀ፤ በቤቱም የእንስሳት አካል እየተከፈተ ይመረመር ነበር።

በ1666 ስለ ጁፒተር ጨረቃዎች መጽሐፍ አሳተመ። ወደ መሲና ከተመለሰ በኋላ የ1669ኙን የኤትና እሳተ ገሞራ ፍንዳታ መርምሮ ጻፈ። በኋላ ግን በስፔን አገዛዝ ላይ በተነሣ ሤራ ተጠርጥሮ ተሰደደና ሮማ ገባ። የስዊድን ንግሥት የነበረችው ክርስቲና ብትረዳውም፣ ንብረቱ ተዘርፎ በድህነት ወደቀ። የመጨረሻ ዓመታቱን በአንድ ገዳም ተጠግቶ ሒሳብ እያስተማረ አሳለፈ። የዕድሜ ልክ ሥራው የሆነው «ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ» በ1680 እና በ1681 በሁለት ክፍል ሲታተም እሱ በሕይወት አልነበረም።

ስለ እንቅስቃሴ ያስተማረው

ከእሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ጡንቻ በትንሽ ኃይል ትልቅ ክብደት ያነሳል ብለው ያስቡ ነበር። ቦሬሊ ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን አሳየ። አጥንት እንደ መፈንቅል ነው፤ ጡንቻ የሚስበው ግን ከመገጣጠሚያው በጣም ቀርቦ ስለሆነ ከሸክሙ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ማውጣት አለበት። ይህ ኃይል ደግሞ ተመልሶ መገጣጠሚያውን ይጫናል።

ለምሳሌ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ ጉልበቱን አጠፈ እንበል። የክብደቱ መስመር ከጉልበቱ መሃል 10 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ቢያልፍ፣ የጭኑ የፊት ጡንቻ ጅማት ደግሞ ከዚያው መሃል 4 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ ጡንቻው 70 × 10 ÷ 4 = 175 ኪሎ ያህል መሳብ ይኖርበታል። ሰውየው 10 ኪሎ ቢጨምር የጡንቻው ሥራ በ25 ኪሎ ያድጋል። በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው የሁለቱ ድምር ስለሆነ፣ የ10 ኪሎ ጭማሪ ወደ 35 ኪሎ ይጠጋል።

ቦሬሊ የሰውን የክብደት ማዕከል ለማግኘት ሰው በሳንቃ ላይ አጋድሞ ሳንቃውን በስለታም ጠርዝ ላይ ያመዛዝን ነበር። ሁለት እንጨቶች በርቀት ተክሎ ወደ እነሱ በመራመድም፣ የሰው አካል ሲሄድ ወደ ግራና ቀኝ እንደሚወዛወዝ አስተዋለ። የጡንቻ መኮማተር ከፈሳሾች መፍላት ይመጣል ያለው ግን ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል።

ለጉልበት ሕመም ጥናት ያለው ጥቅም

በጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። በሜዳ ላይ በሚደረግ ተራ እርምጃ ጉልበት የሚሸከመው ከሰውነት ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ በየእርምጃው የሚያቃልለው ጫና ከተቀነሰው ኪሎ ይበልጣል። በእርጅና ጊዜ ጡንቻ ይደክማል፤ እርምጃ ያጥራል፣ ፍጥነትም ይቀንሳል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ጉልበቱን ብዙ ሳያጥፍ በዝግታ ይራመዳል፤ በዚህም የጭኑ ጡንቻ ይበልጥ ይሰንፋል። ዕድሜን መመለስ አይቻልም፤ ክብደትንና የጡንቻን ጥንካሬ ግን መለወጥ ይቻላል። ለዚህም ነው ሐኪሞች ክብደት መቀነስንና የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴን አብረው የሚያዙት።

መታሰቢያ

የአሜሪካ የባዮሜካኒክስ ማኅበር ከፍተኛ ሽልማቱን በቦሬሊ ስም ሰይሞታል።